ኬብል ተሰክቶም ኢንተርኔቱ ሲጎተት፦ የቤት ሜሽ ራውተርን ችግር ከሞደሙ ጀምሮ መፈለግ

አዲስ አበባ ዳርቻ ላይ ያለ ቤት ብዙውን ጊዜ ተዘርግቶ የተሠራ ነው። ዋናው ቤት ከፊት፣ ሰርቪሱ ከጀርባ፣ አንዳንዱ ደግሞ ፎቅ አለው። ለገጣፎ፣ ሱሉልታ፣ ቡራዩ ወይም ሰበታ የሚኖር ሰው ሳሎን ውስጥ ባስቀመጠው አንድ ራውተር ግቢውን ሁሉ ማዳረስ አይሆንለትም። የብሎኬቱ ግድግዳና ብረት ያለበት ሶሌታ ሲግናሉን ይበሉታል። ስለዚህ ሜሽ ይገዛል፤ ሁለት ወይም ሦስት ራውተሮች፣ አንዱ ዋና ሌሎቹ ረዳት ሆነው፣ በአንድ የዋይፋይ ስም ተያይዘው የሚሠሩበት ማለት ነው። ከዚያ ዴስክቶፑን ወይም ቴሌቪዥኑን አጠገቡ ካለው ራውተር ጋር በኬብል ያገናኝና ፍጥነቱ የጠበቀውን ሳይሆን ሲቀር ግራ ይገባዋል። "በኬብል ነው እኮ ያገናኘሁት!"

ኬብል መሰካት ብቻውን ፍጥነት አያመጣም። ኢንተርኔቱ ከመንገዱ ምሰሶ ተነስቶ ኮምፒውተራችሁ ጋ እስኪደርስ ብዙ ቦታ ያልፋል፦ ፋይበሩ፣ ሞደሙ፣ ከሞደሙ ወደ ዋናው ራውተር የሚሄደው ኬብል፣ ዋናው ራውተር፣ በዋናውና በረዳቱ ራውተር መካከል ያለው ግንኙነት፣ ረዳቱ ራሱ፣ የመጨረሻው ኬብል፣ በመጨረሻም ኮምፒውተሩ። ከነዚህ አንዱ ከተንቀራፈፈ ከሱ በኋላ ያለው ሁሉ ይንቀራፈፋል። የኛ ሥራ የትኛው እንደሆነ መለየት ነው። እሱን ሳትለዩ አዲስ ራውተር አትግዙ፣ ፓኬጅም አታሳድጉ። ሰው ብዙ ገንዘብ የሚያወጣው በግምት ሲሠራ ነው፤ ችግሩ የኬብል ጫፍ ሆኖ ሳለ ራውተር የሚቀይር ስንት አለ።

የሚያስፈልጋችሁ የኬብል ፖርት ያለው ላፕቶፕ፣ እንደሚሠራ የምታውቁት አንድ አጭር ኬብል፣ የሜሹ አፕ ያለበት ስልክ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ነው። ወረቀቱን እንዳትንቁት። ቁጥር ካልተጻፈ ይረሳል፣ ከተረሳ ደግሞ ዙሪያውን መሽከርከር ነው።

1. መጀመሪያ የከፈላችሁበትን ፍጥነት እወቁ

ፓኬጁ የሚሸጠው በሜጋቢት ነው። ኮምፒውተሩ ፋይል ሲያወርድ ብዙ ጊዜ የሚያሳየው ደግሞ በሜጋባይት ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ 20 ሜጋቢት የገዛ ሰው ሲያወርድ የሚያየው ቢበዛ 2.5 ሜጋባይት በሰከንድ ነው። "20 ከፍዬ 2 ብቻ ነው የሚመጣልኝ" የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የከፈለውን በትክክል እያገኘ ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ የፓኬጃችሁን ፍጥነት ጻፉና ከሱ ጋር የምታወዳድሩት ሁሉ በሜጋቢት ይሁን። የስፒድ ቴስት ገጾች የሚያሳዩት በሜጋቢት ነው፤ በዚያ ለኩ።

2. ሜሹን ነቅላችሁ ሞደሙ ላይ በቀጥታ ለኩ

ሞደም የምለው ፋይበሩ የሚገባበትን ሳጥን ነው። ከሱ ወደ ሜሹ የሚሄደውን ኬብል ንቀሉና በአጭሩ ኬብል ላፕቶፑን እዚያው ላይ ሰኩ። የላፕቶፑን ዋይፋይ አጥፉ። ይሄን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል፤ ዋይፋዩ ካልጠፋ በየትኛው መንገድ እንደለካችሁ አታውቁም። ቪፒኤን ካለ እሱንም አጥፉ። በሞደሙ ዋይፋይ በቀጥታ የሚጠቀሙ ስልኮችም ካሉ ለጊዜው ይውጡ።

አሁን ስፒድ ቴስት ክፈቱና ሰርቨሩን አዲስ አበባ ያለ ምረጡ። ውጤቱን ጻፉ። ቀጥሎ ሰርቨሩን ቀይራችሁ ናይሮቢ ወይም አውሮፓ ያለ ምረጡና እንደገና ለኩ። ለምን ሁለት ጊዜ? አገራችን የባህር በር ስለሌላት ወደ ውጭ የሚሄደው ኢንተርኔት በጅቡቲ፣ በኬንያና በሱዳን በኩል ነው ከባህር ውስጥ ኬብሎች ጋር የሚገናኘው። አገር ውስጥ ሲለካ ሙሉ ሆኖ ወደ ውጭ ሲለካ ከወረደ፣ እናንተ ቤት ውስጥ የሚስተካከል ነገር የለም ማለት ነው። ይሄን ቀድሞ ማወቅ ከብዙ ድካም ያድናል።

ጠዋት ለክታችሁ ማታም ከእራት በኋላ፣ ሰፈሩ ሁሉ ቪዲዮ በሚያይበት ሰዓት፣ ድገሙት። ጠዋት ሙሉ ሆኖ ማታ ብቻ የሚወርድ ከሆነ መስመሩ በተጠቃሚ ተጨናንቋል ማለት ነው እንጂ ራውተራችሁ አልተበላሸም።

እዚያው ቆማችሁ የሞደሙን መብራቶች እዩ። "ፖን" የተጻፈበት ሳይርገበገብ አረንጓዴ መሆን አለበት። "ሎስ" የተጻፈበት ቀይ ከበራ ወይም ከተርገበገበ የፋይበሩ ብርሃን እየደረሰ አይደለም። ወደ ሳጥኑ የሚገባውን ቀጭን ገመድም እዩት። ፋይበር ውስጡ መስታወት ነው፤ ሶፋ ከተጫነው ወይም ማዕዘን ላይ በኃይል ከታጠፈ ብርሃኑ ይዳከማል። ሰፋ ባለ ክብ ጠቅልሉት እንጂ እንደ ኤሌክትሪክ ገመድ አጣጥፋችሁ አትሰሩት። አሁንም በስልክ መስመር የሚጠቀም ሰው ካለ ደግሞ፣ በመዳብ መስመር ላይ ፍጥነት ከጣቢያው በራቁ ቁጥር ስለሚቀንስ ዳር ላይ ያለ ቤት ከሁሉም ይጎዳል፤ እዚያ ላይ ሜሽ መቀየር ምንም አይረዳም።

ሞደሙ ላይ በቀጥታ ለክታችሁ አገር ውስጥ ሰርቨርም ላይ ከፓኬጃችሁ በጣም ካነሰ ቀጥታ ወደ መጨረሻው ክፍል ዝለሉ። ሙሉ ከሆነ ችግሩ ቤታችሁ ውስጥ ነው። ቤት ውስጥ ያለው ደግሞ በእጃችሁ ነው።

3. ዋናው ራውተር

ኬብሉን ወደ ሜሹ መልሱና ላፕቶፑን ዋናው ራውተር ላይ ሰኩ። ለኩ። ሞደሙ ላይ ካገኛችሁት ጋር ከተቀራረበ እለፉት። ብዙ ከወረደ በመካከላቸው ያለውን አጭር ኬብል ቀይሩ፣ ከዚያ ሞደሙ ላይ ሌላ ፖርት ሞክሩ። አንዳንድ ሞደሞች አንዱ ፖርታቸው ብቻ ጊጋቢት (1000 ሜጋቢት) ሆኖ የቀሩት የ100 ሜጋቢት ናቸው። ኬብሉም ፖርቱም ደህና ከሆኑ ነገሩ ሴቲንግ ነው፤ ወደሱ እመጣለሁ።

4. ረዳቶቹ፦ እዚህ ላይ ቆም በሉ

ከልምዴ አብዛኛው ችግር የሚገኘው እዚህ ነው። ዴስክቶፑ የተሰካው ሰርቪስ ቤት ወይም መኝታ ቤት ካለው ረዳት ራውተር ላይ ነው። ከዴስክቶፑ እስከ ረዳቱ ያለው ሁለት ሜትር በእርግጥ ኬብል ነው። ከረዳቱ እስከ ዋናው ያለው ግን ዋይፋይ ነው። ስለዚህ ኮምፒውተሩ "በኬብል ተገናኝቷል" ቢልም ዞሮ ዞሮ በዋይፋይ ነው የሚሠራው። ሮቶው ጢም ብሎ ቢሞላ ወደ ቤት የሚገባው ቧንቧ ቀጭን ከሆነ የሚንጠባጠበው ያው ነው።

የሜሹን አፕ ክፈቱና ረዳቱን ንኩት። ብዙዎቹ አፖች ረዳቱ ከዋናው ጋር በምን እንደተገናኘ ያሳያሉ፦ በ2.4 ጊጋኸርዝ፣ በ5 ጊጋኸርዝ ወይም በኬብል። 2.4 ከሆነ ሩቅ ይደርሳል ግን ቀርፋፋ ነው፤ የጎረቤት ዋይፋይም ያጨናንቀዋል። 5 ከሆነ ፈጣን ነው ግን ግድግዳ አይወድም። ረዳቱ በ2.4 የተያያዘው ብዙ ጊዜ በጣም ስለራቀ ወይም በመካከል ብዙ ግድግዳ ስላለ ነው።

አቀማመጥ ላይ ሰው የሚሳሳተው እንዲህ ነው፦ ኢንተርኔት የማይደርስበት ክፍል ውስጥ ረዳቱን ያስቀምጣል። ግን ለረዳቱም እኮ አይደርሰውም! መቀመጥ ያለበት ሲግናሉ ገና ጠንካራ በሆነበት፣ በግማሽ መንገድ ገደማ ነው። ሰርቪሱ ከዋናው ቤት ጀርባ ከሆነ ዋናው ራውተር ወደ ጓሮ በሚያሳይ መስኮት አጠገብ፣ ረዳቱ ደግሞ የሰርቪሱ መስኮት ላይ ትይዩ ቢሆኑ ከሁለት ግድግዳ ይልቅ ሁለት መስታወት ነው የሚያልፈው። ልዩነቱ በጣም ይታያል። ቆርቆሮ በመካከል ካለ ግን ተስፋ አታድርጉ፤ ብረት ሲግናሉን ይመልሰዋል። በቆርቆሮ የተከለለ ጓሮ፣ የብረት በር፣ ከቴሌቪዥን ጀርባ፣ ከፍሪጅ አናት፣ እነዚህ ሁሉ መጥፎ ቦታዎች ናቸው።

ሦስት ራውተር ያላችሁ ደግሞ ሦስተኛው ከማን እንደሚቀበል እዩ። ከዋናው ሳይሆን ከሁለተኛው የሚቀበል ከሆነና ሜሹ ለእርስ በርስ ግንኙነት የተለየ ሬዲዮ ከሌለው፣ ሁለተኛው በዚያው ሬዲዮ ተቀብሎ በዚያው ስለሚያስተላልፍ ፍጥነቱ በግማሽ ገደማ ይወርዳል። ሦስቱን በሰልፍ ከምትደረድሩ ዋናውን መሐል ላይ አድርጋችሁ ሁለቱን ረዳቶች በግራና በቀኝ አስቀምጡ።

ከሁሉ የሚበልጠው መፍትሔ ግን ረዳቱን ራሱን ከዋናው ጋር በኬብል ማገናኘት ነው። ቤት እየሠራችሁ ከሆነ እባካችሁ ኮርኒሱ ሳይዘጋ፣ ልስን ሳይለሰን፣ ወደ እያንዳንዱ ክፍልና ወደ ሰርቪሱ ባዶ የፕላስቲክ ቱቦ አስቀብሩ። ኬብሉን ዛሬ ባትገዙ እንኳ ቱቦው ይኑር። በኋላ ግድግዳ ከመቆፈር ያድናችኋል።

አሰካኩ ላይ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ፦ ሞደም፣ ከሱ ዋናው ራውተር፣ ከዋናው ረዳቶቹ። ፖርት ካነሰ ከዋናው ቀጥሎ ስዊች (አንዱን ኬብል ለብዙ ፖርት የሚያከፋፍል ሳጥን) አስገቡና ረዳቶቹን ስዊቹ ላይ ሰኩ። ረዳቱ ቅርብ ነው ተብሎ በቀጥታ ሞደሙ ላይ ከተሰካ ግን፣ ዋናው ራውተር በራውተር ሞድ (ለመሣሪያዎቹ አድራሻ ራሱ እያደለ) እየሠራ ከሆነ፣ ሜሹ ያንን ኬብል እንደራሱ መስመር አያየውም። ወይ በዋይፋይ ይቀጥላል ወይ ነገሩ ይተራመሳል። ሜሹን በሙሉ ወደ አክሰስ ፖይንት ሞድ (አድራሻ ማደሉን ለሞደሙ ትቶ ዋይፋይ ብቻ ወደሚያሰራጭበት) ከቀየራችሁት ብቻ ነው ሁሉም ሞደሙ ላይ መሰካት የሚችሉት።

በግቢ የሚያልፍ ኬብል ለውጭ የተሠራ፣ ጥቁር ወፍራም ሽፋን ያለው ይሁን። ለቤት ውስጥ የተሠራውን ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ይሰነጠቃል፣ ክረምት ላይ ውሃ ይገባዋል። ከኤሌክትሪክ ገመድ ጋር በአንድ ቱቦ አታሳልፉት፤ ለሲግናሉም መጥፎ ነው፣ ለሕይወትም አደገኛ ነው። ርዝመቱ ከ100 ሜትር አይብለጥ። አንድ ነገር ደግሞ በቁም ነገር ልበል፦ ሱሉልታና እንጦጦ ጀርባ ያለውን የክረምት መብረቅ የሚያውቅ ያውቀዋል። በሁለት ቤቶች መካከል የተዘረጋ የመዳብ ኬብል ቅርብ የወደቀ መብረቅን ተሸክሞ ራውተሩንም ኮምፒውተሩንም ሊያቃጥል ይችላል። ሰማዩ ሲከብድ፣ መብረቁ ገና ሳይቀርብ፣ ከሁለቱም ጫፍ ንቀሉት። አቅሙ ካለ በሁለቱ ቤቶች መካከል ፋይበር ከነመቀየሪያዎቹ መዘርጋት ይሻላል፤ መስታወት ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም።

5. ኬብሉን መርምሩ

ዊንዶውስ ላይ ሴቲንግ ውስጥ ኔትወርክ፣ ከዚያ ኢተርኔት ስትገቡ "ሊንክ ስፒድ" የሚል አለ። እዚያ የምታዩት የኢንተርኔቱን ፍጥነት ሳይሆን ኮምፒውተሩና ራውተሩ በኬብሉ ላይ የተስማሙበትን ነው። 1000 ካለ ጥሩ። 100 ካለ ከሦስት አንዱ ነው፦ ከሁለቱ መሣሪያዎች አንዱ የ100 ነው፣ ኬብሉ ተበላሽቷል፣ ወይም ጫፉ በደንብ አልታሰረም። 10 ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኬብሉ ነው። ስፒድ ቴስቱ ሁልጊዜ 93፣ 94 ላይ እየመጣ የሚቆም ከሆነም ያው ነው፤ የ100 ሊንክ በተግባር የሚሰጠው ያንን ያህል ነው።

ምክንያቱን ማወቅ ጥሩ ነው። ኬብሉ ውስጥ በአራት ጥንድ የተጠማዘዙ 8 ሽቦዎች አሉ። ለ100 የሚያስፈልጉት ሁለት ጥንዶች ብቻ ናቸው፤ በተለመደው አሰራር ብርቱካናማውና አረንጓዴው። ለ1000 ግን ስምንቱም ያስፈልጋሉ። ስለዚህ ሰማያዊው ወይም ቡናማው ቢቆረጥ ኬብሉ አይሞትም። መብራቱ ይበራል፣ ኢንተርኔት ይሠራል፣ ዝም ብሎ ወደ 100 ይወርዳል። ለዚህ ነው ማንም የማይጠረጥረው።

አንድ ጎረቤቴ ቤት ያየሁት ይሄው ነበር። ጫፉን ነቅለን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋነው። ከላይ ሲታይ ምንም የለውም። በጎን በኩል፣ ግልጹ ፕላስቲክ ውስጥ ሲታይ ግን ሰባቱ ሽቦዎች እስከ ጫፉ ደርሰው ስምንተኛው፣ ቡናማው፣ ከወርቃማው ብረት ሥር ሳይደርስ በስንዴ ቅንጣት ያህል ቀርቶ ነበር። የኬብሉ ሽፋንም መያዣው ሥር አልገባም፤ ስለዚህ ኬብሉ በተነካ ቁጥር የሚጎተተው ሽቦው ራሱ ነበር። ጫፉ ተቆርጦ እንደገና ሲታሰር ሊንኩ ወዲያው 1000 አለ።

እናንተም እንደዚያ እዩት። ራሳችሁ የምታስሩ ከሆነ ኬብሉ ወደ ታች፣ መንጠቆው ከበስተጀርባ ሆኖ ብረቶቹ ወደናንተ ሲያዩ ከግራ ወደ ቀኝ ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው፦ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። ሁለቱም ጫፍ ላይ ያው ይሁን። ጥምዝዙን ከ1 ሴንቲሜትር ብዙ አስበልጣችሁ አትፍቱ፣ ሽቦዎቹን እኩል ቁረጡ፣ ሽፋኑ መያዣው ሥር መግባቱን አይታችሁ ከዚያ ጭመቁ። ርካሽ የኬብል ቴስተር ካላችሁ ስምንቱም መብራት በተራ መብራት አለበት። ቴስተር ግን ሽቦው መድረሱን እንጂ ጥራቱን አይለካም።

መርካቶ ወርዳችሁ ኬብል ስትገዙ የኬብሉን ደረጃ የሚናገረውን "ካት 6" የሚለውን ጽሑፍ ብቻ አትመኑ። ሽቦውን ላጥ አድርጉና በምላጭ ፋቁት። ንጹሕ መዳብ እስከ ውስጥ ድረስ ቀይ ነው። ሲፋቅ ውስጡ ነጭ ብረት ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። ርካሽና ቀላል ነው፣ ግን ሲታጠፍ ይሰበራል፣ ርቀት ላይም ያንሳል። ባለሱቁን "ንጹሕ መዳብ ነው ወይ?" ብላችሁ ጠይቁትና እዚያው ፋቁት፤ የሚተማመን ነጋዴ አይከፋውም። ለቤት ደግሞ ንጹሕ መዳብ የሆነ ካት 5ኢ ይበቃል፣ እስከ 100 ሜትር ጊጋቢት ይሸከማል። አሉሚኒየም ካት 6 ከምትገዙ መዳብ ካት 5ኢ ግዙ።

እዚህ ላይ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፦ ፓኬጃችሁ 20 ወይም 50 ሜጋቢት ከሆነ የ100 ሊንክ አያዘገያችሁም። ኬብሉ ጤነኛ እስከሆነ ድረስ ከ90 በላይ ያሳልፋል፣ እናንተ የምትፈልጉት ከዚያ በታች ነው። ጊጋቢት የሚያስፈልጋችሁ ፓኬጃችሁ ከዚያ ከበለጠ ወይም ቤት ውስጥ ከኮምፒውተር ኮምፒውተር ትልልቅ ፋይል የምታስተላልፉ ከሆነ ነው። ሊንኩ ሲወርድ የሚያሳስበው ሽቦው እየተበላሸ መሆኑን ስለሚጠቁም ነው።

ጤነኛ መሆኑን ለማወቅ ፒንግ አድርጉ፤ ትንሽ መልእክት ልኮ መልሱ በስንት ጊዜ እንደመጣ የሚለካ ትእዛዝ ነው። ኮማንድ ፕሮምፕት ከፍታችሁ "ping" ብላችሁ የራውተሩን አድራሻ ጻፉ፤ አድራሻው ብዙ ጊዜ 192.168.0.1 ወይም 192.168.1.1 ሲሆን ካልሆነ አፑ ውስጥ ይገኛል። እስከ ዋናው ድረስ ሁሉም በኬብል ከሆነ መልሱ 1 ሚሊሰከንድ ወይም ከዚያ በታች መሆን አለበት፣ የሚጠፋም ሊኖር አይገባም። እየለካችሁ ኬብሉን ጫፉ ላይ በጣታችሁ ነቅነቅ አድርጉት። ያኔ መልስ መጥፋት ከጀመረ ጥፋተኛው ተገኘ።

6. ፖርቶችና ስዊች

ሜሽ ስትገዙ ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው የዋይፋይ ፍጥነት ነው። የኬብሉ ፖርት ፍጥነት በደቃቅ ጽሑፍ ነው ያለው፣ እሱን አንብቡ። ለምሳሌ የቲፒ ሊንክ ዴኮ ኢ4 ፖርቶች 100 ሲሆኑ የዴኮ ኤም4 ጊጋቢት ናቸው። ከቴንዳም ኤምደብሊው3 የ100፣ ኤምደብሊው6 የጊጋቢት ነው። የሚመሳሰሉ ዕቃዎች ናቸው፣ ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው።

ከድሮ ቢሮ የመጣ ስዊች ካላችሁ እሱም 100 ሊሆን ይችላል፤ አንድ ጊዜ ከመንገድ አውጡትና ለኩ። ዩኤስቢ ላይ የሚሰካ የኬብል አዳፕተር የምትጠቀሙም ርካሾቹ 100 መሆናቸውን እወቁ። ስማርት ቴሌቪዥን ደግሞ አብዛኛው የኬብል ፖርቱ 100 ነው፣ ዋይፋዩ ከሱ ሊፈጥን ይችላል። ብልሽት አይደለም፣ አሠራሩ ነው፤ ለፊልም ደግሞ ከበቂ በላይ ነው።

7. ሴቲንግ

ኬብሉም ፖርቱም ደህና ሆኖ ከወረደ ወደ አፑ ግቡ። "ኪውኦኤስ" የሚለውን፣ ፍጥነቱን ለማን ስንት እንደሚደርስ የሚመድበውን፣ መጀመሪያ እዩ። ሰው ሲጀምር የሆነ ፍጥነት ይሞላበትና ፓኬጅ ሲያሳድግ መቀየሩን ይረሳል፤ 10 ብሎ የሞላው 30 ከገዛ በኋላም በ10 ይቆያል። ኪውኦኤስና የልጆች ቁጥጥር ሲበሩ ደካማ ፕሮሰሰር ያለው ራውተር እያንዳንዱን ነገር መመርመር ስለሚጀምር ራሱ ሊያዘግይ ይችላል። አጥፍታችሁ ለኩ፣ ለውጥ ከሌለ መልሳችሁ አብሩ።

ሞደሙም ራውተር፣ ሜሹም ራውተር ሆነው የሚሠሩበት ቤት ብዙ ነው። ፍጥነትን ያን ያህል አይቀንስም፣ ጌምና የካሜራ ግንኙነት ላይ ግን ያስቸግራል። ሜሹን አክሰስ ፖይንት ማድረግ ይፈታዋል።

ቤቱ በሙሉ ድንገት ከቆመና የስዊቹ መብራቶች በሙሉ እንደ እብድ ከተርገበገቡ አንድ ኬብል ሁለቱም ጫፉ እዚያው ኔትወርክ ላይ ተሰክቷል ማለት ነው። ዕቃ ሲጸዳ የተንጠለጠለ ጫፍ ያየ ሰው ባዶ ፖርት ላይ ይሰካዋል። አንዱን ንቀሉ። ኮምፒውተሩ ላይ ደግሞ "ስፒድ ኤንድ ዱፕሌክስ" የሚለው በአውቶ ይሁን፣ አንድ ወገን ብቻ በእጅ ከተሞላ ሁለቱ አይግባቡም።

8. መስመሩን ማን እየተጠቀመ ነው?

ይሄ ከኬብል ቀጥሎ የሚረሳው ነው። የግቢ ካሜራ ቀኑን ሙሉ ቪዲዮ ወደ ክላውድ ይልካል፣ የልጆቹ ስልክ ቻርጅ ላይ ሲሰካ ፎቶ ይጭናል፣ ዊንዶውስ አፕዴቱን ያወርዳል። መላኪያው ሲሞላ ማውረጃውም ይጎተታል፤ ምክንያቱም ኮምፒውተሩ የሚያወርደውን "ደርሶኛል" እያለ መልስ መላክ አለበት፣ ያ መልስ ወረፋ ይጠብቃል። አፑ ውስጥ ማን ስንት እየተጠቀመ እንደሆነ ይታያል። ካሜራውን ለአምስት ደቂቃ ነቅላችሁ ለኩ። ከተስተካከለ የካሜራውን ጥራት ቀንሱ፣ ወይም ቀረጻው ቤት ውስጥ ባለ መቅረጫ ላይ ይሁን።

9. መብራቱን አትርሱ

ዳር ላይ መብራት ሲወርድና ሲወጣ ራውተሮች ይጎዳሉ። አዳፕተሩ ሲደክም ራውተሩ አይጠፋም፤ እየተንቀራፈፈ፣ በራሱ እየተነሳ፣ ከዋናው ጋር እየተቆራረጠ ይቀጥላል። አዳፕተር ስትቀይሩ ቮልቱ ከድሮው ጋር እኩል፣ አምፔሩ እኩል ወይም የበለጠ፣ የጫፉ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭም አንድ ዓይነት ይሁን። 12 ቮልት የሚፈልገውን በ9 ለማስነሳት አትሞክሩ። ለሞደሙና ለዋናው ራውተር ትንሿ የራውተር ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የምታቆያቸው ባትሪ) ብትኖር መብራት ሲመጣና ሲሄድ ሁሉም እንደ አዲስ ከመነሳት ይድናሉ፤ ረዳቱም ዋናውን ፍለጋ አይባዝንም።

10. መደወል ሲያስፈልግ

ሞደሙ ላይ በቀጥታ ለክታችሁ፣ ጠዋትም ማታም፣ አገር ውስጥ ሰርቨር ላይ፣ ከፓኬጃችሁ በጣም ካነሰ ያኔ ነው መደወል። ኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ 994 ነው። "ኢንተርኔት ቀርፋፋ ነው" ብቻ ካላችሁ "ራውተሩን አጥፍተው ያብሩት" ነው መልሱ። ይልቅ የአገልግሎት ቁጥራችሁን ይዛችሁ፦ "ሜሹን ነቅዬ ሞደሙ ላይ በኬብል ለክቻለሁ፣ ዋይፋይ ጠፍቷል፣ በዚህ ሰዓት ይሄን ያህል፣ በዚያ ሰዓት ያንን ያህል ነው፣ የሎስ መብራቱ እንዲህ ነው" በሉ። የማመልከቻ ቁጥር ይስጧችሁና ወረቀቱ ላይ ጻፉት።

ባለሙያው ሲመጣ ላፕቶፑ ሞደሙ ላይ ተሰክቶ ይጠብቀው። የፋይበሩን ብርሃን በመለኪያው ሲለካ አጠገቡ ቁሙና ቁጥሩን ጠይቁት፣ ጻፉት፤ በሌላ ጊዜ ሲበላሽ ከዚያ ጋር ታወዳድሩታላችሁ። ጨርሻለሁ ሲል "ወንድሜ፣ ከመሄድህ በፊት አንዴ እንለካው" በሉትና ውጤቱን አብራችሁ እዩ። ሞደሙ ከተቀየረ ሜሹን መልሳችሁ ስትሰኩ ከደረጃ 3 ጀምራችሁ እንደገና ለኩ፣ አዲሱ ሞደም የትኛው ፖርቱ ጊጋቢት እንደሆነ አይታችሁ እዚያ ላይ ሰኩት።